ሀ ለ ሐ በአንድ ትንፋሽ

እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። የተወለድኩት ደብረ ሲና ነው። ገና ጎረምሳ ሳለሁ መቐለ ተመድቤ ስመጣ «ለአንድ ዓመት ብቻ ነው» ብዬ ለእናቴ ምዬላት ነበር። እዚህ ለተብርሃንን አገኘሁና አገባሁ፤ ዓመቷም በዚያው ሳታልቅ ቀረች። ሓድነት በሚባለው የመቐለ ሰፈር አንዲት ቤት አለችን፣ አንዲት ልጅም ወለድን። ስሟ ፍረወይኒ ነው፤ ፍረ እንላታለን። በቤታችን እናትና ልጅ በትግርኛ፣ አባትና ልጅ በአማርኛ ያወራሉ፤ ሦስታችን ማዕድ ላይ ስንገናኝ ደግሞ እንዳመጣልን ነው።

ፍረ አማርኛዬን በአንድ ነገር ትስቅበት ነበር። እኔ እንዳገሬ ሰው ሀ እና ሐን በአንድ ድምፅ ነው የምጠራቸው። እሷ ግን እንደ እናቷ «ሐ»ን ከጉሮሮዋ ጥግ ታወጣታለች። «አባ፣ አንተ ፊደሉን ታስተምራለህ እንጂ አትለየውም» ትለኛለች። እኔም «በጽሑፍ እለየዋለሁ፣ ይበቃል» እላታለሁ።

ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ታስተምራለች። ልቧ ያለው ግን ሻርክና የሻርክ ዘመዶች ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ስለ ባሕር አውሬ የምታጠና ልጅ ለጎረቤት ጥሩ መሳቂያ ነበረች። «ፍረ፣ ዓሣሽ በቦቴ ነው የሚመጣልሽ?» ይሏታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

በዚያ ሰሞን ለአንድ መጽሔት በአማርኛ ጽሑፍ እያዘጋጀች ስለነበር፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጠገቤ ቁጭ ብላ አማርኛዋን ታሳርመኝ ጀመር። ጽሑፉ የነርቭ ልብስ መጀመሪያ ከየት እንደመጣ የሚናገር ነው።

«አባ፣ ነርቭን እንደ ቀጭን ክር አስበው» አለችኝ። «ከአንጎል ተነስቶ እግር ድረስ ይወርዳል፤ ትእዛዝ የሚሄደው በእሱ ላይ ነው። ክሩ ዕራቁቱን ከሆነ ትእዛዙ ይንፏቀቃል። በጥንቱ ባሕር የነበሩት ዓሣዎች መንጋጋ አልነበራቸውም፣ ነርቫቸውም ዕራቁቱን ነበር። የእነሱ ወገን የሆኑ ጥቂቶች ዛሬም አሉ፤ ዛሬም ነርቫቸው እንደዚያው ነው። መንጋጋ ያላቸው ሲመጡ ግን ክሩ ላይ ስስ የስብ ሽፋን ደጋግሞ ተጠመጠመበት። ማየሊን ይባላል። ይህ ሽፋን ካላቸው እንስሳት ሁሉ ከእኛ ቀድሞ የተለየው የሻርክ ወገን ነው። ስለዚህ ነገሩ ከእሱ በፊት፣ የእሱና የእኛ የጋራ ቅድመ አያት ላይ ተጀምሯል ማለት ነው።»

«ሽፋኑ ምን ጠቀመው?»

«ፍጥነት። በሽፋኑ መካከል ትንንሽ ክፍተቶች አሉ። ትእዛዙ ከአንዱ ክፍተት ወደ ሌላው እየዘለለ ይሄዳል። ሽፋን ባይኖረን ለመፍጠን ክሩን ማወፈር ነበረብን፤ ያን ጊዜ ጀርባችን የግንድ ያህል ይሆን ነበር።»

«ሽፋን» የሚለውን ቃል አልወደድኩትም። ሽፋን የመጽሐፍም ነው። «ልባስ በይው» አልኳት። ደጋግማ አለችው፣ ወደደችው፣ ጻፈችው። ከዚያ ዓይኗ በራ። «የሚገርመውን ልንገርህ? አሁን አሁን እንደሚባለው፣ ልባሱን እንድንሠራ ከሚረዱን ነገሮች አንዱ በጥንት ዘመን ቅድመ አያቶቻችንን ከያዘ ቫይረስ የተረፈ ቁራጭ ነው።»

«በሽታ ነው ልባሱን የሰጠን?»

«በሽታው ሄደ፣ ቁራጩ ቀረ፣ ሰውነታችን ሥራ ሰጠው» አለች። ይህን ስትል የቀኝ እጇን ጣቶች በግራዋ እያሻሸች ነበር። «ደነዘዙኝ፤ ብርድ ነው መሰለኝ» አለችና ብዕሯን አስቀመጠች።

በማግስቱ ጠዋት ከመኝታ ቤቷ ስትወጣ ደፉ ላይ ወደቀች። ሮጬ ሳነሣት እግሯ የእሷ አይመስልም፤ ቀጥ አድርጋ ትተክለዋለች፣ እሱ ይታጠፋል። ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ለተብርሃን የልብስ ስፌት ፋብሪካ ስለምትሠራ በማለዳ ወጥታ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን።

«አባ፣ በመዳፍህ ጠርዝ ከጉልበቴ ሥር ምታኝ» አለችኝ።

መታኋት። ምንም የለም።

«ጠንከር አድርገህ።»

ደገምኩ። እግሯ እንደተንጠለጠለ ቀረ። እኔን አስቀመጠችኝና እንደምንም ጎንበስ ብላ የእኔን መታች፤ የእኔ እግር ያለ ፈቃዴ ወደ ላይ ተወረወረ። ፍረ እግሬን ተመለከተች፣ ከዚያ የራሷን። በፊት በነበረው ሰሞን ሆዷን ክፉኛ ታማ ድና ነበር፤ ያንን እያሰበች እንደነበር በኋላ ነው የነገረችኝ።

«ለእማ አሁን አትደውልላት» አለች። «ባጃጅ ጥራ፣ ሆስፒታል እንሂድ።»

የመረመራት ዶክተር ኪሮስ የሚባል ወጣት ሐኪም ነው። እግሯን፣ እጇን፣ ዓይኗን አይቶ፣ ከጀርባዋ ፈሳሽ አስቀድቶ ካስመረመረ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። «ኣቦይ ታደሰ፣ እንዴት ላስረዳዎት? ሰውነታችን ተሕዋስያንን የሚዋጋበት ኃይል አለው። አንዳንዴ የሆድ ሕመሙን ያመጣውን ተዋግቶ ከጨረሰ በኋላ ይሳሳታል። የራሱን ነርቭ ጠላት አድርጎ ያያል። የነርቩን...»

«ልባስ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «አዎ፣ ልባሱን መግፈፍ ይጀምራል። ጊያን ባሬ ይባላል።»

ፍረ ከአልጋው ላይ «ነግሬዋለሁ፤ ከሻርክ ጀምሬ» አለች። ፈገግ ልትል ሞክራ ነበር። እኔ ግን ያን ሰዓት ምነው እሑድ ዕለት ባልሰማሁ ብዬ ተመኘሁ። ባላውቅ ኖሮ እግር ደነዘዘ፣ ይታሻል፣ ይድናል ብዬ እቀመጥ ነበር። አሁን ግን ክሩ የት የት እንደሚደርስ አውቃለሁ። እግር ላይ አያበቃም፤ እጅም፣ ፊትም፣ ትንፋሽም በዚያው ክር ነው የሚታዘዙት።

ዶክተር ኪሮስ አልሸሸገንም። የሚረዳ መድኃኒት አለ፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እንዲመጣ ተነጋግሯል። «መድኃኒቱ ጉዳቱን ያሳጥረዋል» አለ። «አሁን የያዘውን ግን በአንድ ጊዜ አያስቆመውም። ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርም። የት እንደሚቆም እኔም አላውቅም። እኛ የምንጠብቀው ትንፋሿን ነው።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «በረጅሙ ተንፍሺና በአንድ ትንፋሽ ቁጠሪልኝ፤ አንድ፣ ሁለት እያልሽ የምትደርሺበት ድረስ» አላት።

«ቁጥር ይሰለቸኛል፤ ፊደል ልቁጠር? የፊደል አስተማሪ ልጅ ነኝ» አለችው።

«ቁጠሪ።»

ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላ ጀመረች። ሐዋ ያቺው የጉሮሮ ሐ ናት። ሳታቋርጥ ፐ ደረሰች፤ ከዚያ በቀረው ትንፋሽ «ጨረስኩ» አለች። ዶክተሩ ጎበዝ ብሎ ወጣ። ቀለል አለኝ። ሰው ምን ያህል በትንሽ ነገር እንደሚጽናና ያን ቀን አየሁ።

ለተብርሃን የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ከፋብሪካው መጣች። ወሬውን በስልክ ነግሬያት ነበር፤ ግማሹን። መጥታ የልጇን እግር ጭኗ ላይ አስቀምጣ ማሸት ጀመረች። «ኣጆኺ ጓለይ፣ ኣጆኺ» ትላለች፤ አይዞሽ ልጄ ማለቷ ነው። ፍረ «እማ፣ እጅሽ ይሰማኛል፣ ሩቅ ሆኖ» አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት በአንድ ትንፋሽ ደ ላይ ቆመች። ውሃ ልታነሣ ስትል ብርጭቆው ከእጇ አመለጠ። እኩለ ቀን ላይ ነ ላይ ቆመች። ዶክተሩ ሲወጣ ሲገባ፣ እኔና እናቷ በመካከል እንድትቆጥር እንለምናት ጀመር፤ ቢያንስ በእኛ ፊት ትንሽ ትርቅ እንደሆነ ብለን። እሷ ግን «ተዉኝ፣ ትንፋሼን አታስጨርሱኝ» አለችን። እውነቷን ነበር። እኛ ልንረዳት የምንችለው ባለመጠየቅ ብቻ ነበር፤ እሱንም አልቻልንበትም።

ተነሥቼ ኮሪደሩን እመላለሳለሁ። ስልኬን አወጣለሁ፤ የምደውልለት ሰው አጣለሁ። መድኃኒቱ ተጭኗል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ በሚቀጥለው በረራ ይባላል። ሕይወቴን ሙሉ ተማሪ ሲያቅተው ጠጋ ብዬ አሳይ ነበር፤ ቃል ሲጠፋበት ቃል አቀብል ነበር። እዚህ የማቀብለው ነገር የለኝም። ልጄ ሙሉ አእምሮዋን ይዛ፣ እያየችኝ፣ ከእግሯ ጀምሮ ከእጄ እየወጣች ነው።

ከሰዓት በኋላ ፈገግታዋ ጠፋ። አዝና አልነበረም፤ ከንፈሯ አልታዘዝ ብሏት ነው። ዶክተር ኪሮስ መጣና እንድትቆጥር ጠየቃት። አየር ሳበች፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የተነሣው።

«ሀ... ለ... ሀ... መ...»

ቆመች። ዶክተሩ «አራት» ብሎ ሊጽፍ ሲል ለተብርሃን ከእግሯ ሥር ብድግ አለች።

«ሐ አላለችም» አለች።

እኔ አልሰማሁም ነበር። በእኔ ጆሮ ልክ ነበረች፤ እንደ እኔ ነበር ያለችው። ለተብርሃን ደገመችው። «ሐ አላለችም፣ ታደሰ። ጓለይ ሐ ማለት አቅቷታል።»

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ውሃ በማንኪያ ሰጣት፤ አንቆ አሳላት፣ ሳሉም ድምፅ አልነበረውም። «ጉሮሮዋ ጋ ደርሷል» አለን። «ትንፋሿ እስኪያቆም አንጠብቅም። አሁኑኑ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እንወስዳታለን፤ ቱቦ አስገብተን ማሽን ይተነፍስላታል።»

ሊወስዷት አልጋውን ሲያዘጋጁ በእጇ ልትጠራኝ ሞከረች፤ እጇ አልተነሣም። በዓይኗ ጠራችኝ። ጆሮዬን ከንፈሯ ላይ አደረግኩ።

«አባ... ስጋደም... የተኛሁ ይመስልሃል። አልተኛም። እሰማለሁ። አውራኝ።»

«እሺ።»

«ዓይኔን ወደ ላይ... ካደረግኩ... አዎ ማለት ነው።»

«እሺ ልጄ።»

ሌላ ነገር ልትል ነበር። ትንፋሽ አጠራትና ተወችው። ምን ልትል እንደነበር ከዳነች በኋላ ጠይቄያት ነበር፤ አላስታውስም አለችኝ። በሩ ተዘጋ።

በውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ለተብርሃንና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሷ በትግርኛ ትጸልያለች፣ እኔ በግእዝ አቡነ ዘበሰማያትን እጀምርና መካከል ላይ እረሳዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀው ጸሎት ጠፋብኝ። እሷ እጄን ይዛ «የጀመርከው ይበቃል» አለችኝ።

መድኃኒቱ በማግስቱ ደረሰ። በደም ሥሯ ሲንጠባጠብ ቆሜ አየሁት። ጠብታዎቹ ሲያልቁ ጣቷ ይንቀሳቀሳል ብዬ ነበር። አልተንቀሳቀሰም። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን አልተንቀሳቀሰም። የባሰው ደግሞ የዓይኗ ቆብ ነበር፤ አልከደን አለ። ነርሷ ጠብታ እያደረገችላት በፕላስተር ትዘጋዋለች፣ እኛ ስንገባ ትከፍትልናለች። ልጄ ጣራውን እያየች፣ ደረቷ በማሽን ልክ ከፍና ዝቅ እያለ ትጋደማለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ፍርሃትም ሰላምም የለም። ስትታመም የማውቃት፣ ስትናደድ የማውቃት ልጅ ፊቷን ትታልን ወደ ውስጥ ገብታለች።

በየተራ ለጥቂት ጊዜ ያስገቡናል። ለተብርሃን ስትገባ ዝም ብላ እግሯን ታሻለች። እኔ እንድናገር ታዝዣለሁ። አወራሁ። ስለ ደብረ ሲና ጉም፣ መኪና ሲቆም በመስኮት ቆሎ ስለሚያቀብሉት ሴቶች፣ ወንድሜ ገደል ስለጣለው በሬ ነገርኳት። «ያምሻል?» ስላት ዓይኗ በትንሹ ወደ ላይ ይሄዳል። ያማታል። ለነርሷ እነግራለሁ፣ የሚሰጣትን ይሰጧታል። እንደገና እጠይቃለሁ፣ እንደገና ወደ ላይ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ፈራሁ። አለመጠየቁም እንደ ክህደት ሆነብኝ። የቱ እንደሚሻላት አላውቅም ነበር፤ እሷም ልትነግረኝ አትችልም።

ወሬዬ አለቀ። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ክፍል ፊት ቆሞ የሚለፈልፍ ሰው ለገዛ ልጁ የሚያወራው ያልቅበታል ብዬ አስቤ አላውቅም። ያን ቀን ለተብርሃንም አብራኝ እንድትገባ ፈቅደውልን ነበር። «ሻርኩን ልንገርሽ?» አልኳት። ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ።

ጀመርኩ። ስለ ዕራቁቱ ክር፣ መንጋጋ ስለሌላቸው ዓሣዎች፣ በሽታ ትቶት ስለሄደው ቁራጭ፣ የሰማሁትን ሁሉ እንዳመጣልኝ ተናገርኩ። የማልፈልገው ቦታ ላይ እንደደረስኩ ገብቶኝ ነበር። ልባሱ ሲገፈፍ ምን እንደሚሆን እያየሁት እንዴት ስለ ልባሱ መምጣት አወራለሁ? መንገድ ለመቀየር ብዬ ወደ ሻርኩ አካል ዞርኩ። «እንግዲህ ይህ ሻርክ» አልኩ፣ «አጥንቱ ጠንካራ ስለሆነ...»

ግንባሯ ላይ፣ በቅንድቦቿ መካከል፣ ቆዳዋ ተሸበሸበ።

ግንባሯን ትኩር ብዬ እያየሁ «አጥንቱ» አልኩ ደግሜ።

ተሸበሸበ።

ለተብርሃን ወደ ፊቷ ጎነበሰች። «ተቆጣች» አለች በቀስታ። «ታደሰ፣ ምንድን ነው ያልካት?»

ሻርክ አጥንት የለውም። አካሉ የቆመው እንደ ጆሯችን ቅርፊት ባለ ለስላሳ ነገር ነው። ይህን ልጄ ገና ተማሪ ሳለች ጀምሮ ስንት ጊዜ ነግራኛለች። ዶክተር ኪሮስን ጠራነው። ግንባሯን በመብራት አየ፣ ቅንድብሽን አንሺ አላት፤ በጣም በትንሹ አነሣች። «መባሱን አቁሞ መመለስ ጀምሮ ሊሆን ይችላል» አለ። «ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት፣ ኣቦይ።» እኔ ግን ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ዘገምተኛ ነው። ማሽኑ የወጣላት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። እጇ ማንኪያ የያዘው ከዚያም ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ልባሱ ብቻ የተገፈፈበት ነርቭ ተመልሶ ይለብሳል፤ ክሩ ራሱ የተጎዳበት ቦታ ግን እንደ ተክል ሥር ቀስ እያለ ማደግ አለበት፣ አንዳንዱም አይደርስም። ፍረ ዛሬ ቆማ ትሄዳለች። ግራ እግሯን ትጎትታለች፣ ሲመሽም ይደክማታል። ክፍል ስትገባ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታስተምራለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እዚህ ላይ ትምህርቱን እንድናገር ትጠብቁ ይሆናል። ልማዴም ያው ነው፤ ታሪክ አስነብቤ «ከዚህ ምን ተማርን?» ብዬ ስጠይቅ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ይህን ግን ስንት ጊዜ ባገላብጠው አልወጣልኝም። ሰዎች «ጸሎታችሁ ነው ያዳናት» ይሉናል፤ «የአባት ድምፅ ነው የቀሰቀሳት» የሚሉም አሉ። ደስ ይላል መስማቱ። እኔ ግን እዚያ ነበርኩ። ያደረግኩት ነገር ቢኖር አለመሄድ ነው።

ለውጥ ከተባለ አንድ ነገር ተለውጦብኛል። ድሮ የታመመ ልጠይቅ ስሄድ ምክር ይዤ ነበር የምሄደው፤ እገሌ ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ ይህን አጠጡት እያልኩ። አሁን ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ምክሩ ለታማሚው ሳይሆን ለእኔ ፍርሃት እንደነበር ገብቶኛል።

ዓመት ገደማ እንዳለፈ ዶክተር ኪሮስ ደወለልኝ። ከውቅሮ የመጣ አቶ ሓጎስ የሚባል ሰው ልጁ በዚያው በሽታ ተይዞበት፣ አባትየውን ሰው ሊያናግረው አልቻለም፤ «ቢመጡልኝ፣ ኣቦይ» አለኝ። ሄድኩ። ያው ኮሪደር ላይ ነው ያገኘሁት። የእኔን ታሪክ ነግረውት ኖሮ እንዳየኝ ተነሥቶ ሁለት እጄን ያዘ።

«የእርስዎ ልጅ ድናለች አሉኝ።»

«ድናለች።»

«ምን አደረጉ? እኔም ያንኑ ላድርግ።»

ፊቱን አየሁት። ውሸት ልነግረው ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ያውሩት፣ ያሹት፣ ይጸልዩ ልለው ነበር። «ምንም አላደረግኩም» አልኩት። «ቁጭ ብዬ ነበር። ከእርስዎ ጋር ልቀመጥ ነው የመጣሁት።»

እጄን አልለቀቀም። ተቀመጥን። በማግስቱም ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ለተብርሃንም ከሥራ ስትወጣ ምግብ ይዛ ትመጣለች። ሐኪሙ ያው ሐኪም ነው፣ መድኃኒቱም ያው ነው፣ እንዲያውም የእሱ ቀድሞ ነው የደረሰው። አባትዮው ሲገባ ከእኔ በተሻለ ያወራዋል፤ በመስታወቱ አየው ነበር፣ እያሳቀ ነው የሚያወራው።

ልጁ አልተረፈም።

ለምን የእኔዋ ተርፋ የእሱ እንዳልተረፈ የሚነግረኝ አላገኘሁም። አቶ ሓጎስ ግን አልተለየኝም። በዓል በመጣ ቁጥር ከውቅሮ ይደውልልኛል። «ከመይ ውዒልኩም» ይላል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ለተብርሃን ይጠይቃል።

«የፍረ እግርስ እንዴት ሆነላት?» ይለኛል።

«ደህና ናት» እለዋለሁ፤ በዕድሜዬ እንደዚህ የከበደኝ ቃል የለም። እሱም «እግዚኣብሔር ይመስገን» ይለኛል፤ ከልቡ ነው።